ላፕቶፑ በተንቃጨለ ቁጥር

ስለ ራሴ መጻፍ ልማዴ አይደለም። በሥራ ዘመኔ የጻፍኋቸው ሁሉ ለተማሪ የተዘጋጁ የግእዝ ማስታወሻዎች ናቸው፤ ከግስ እርባታ ያለፈ የብዕር ድፍረት አሳይቼ አላውቅም። ዛሬ ዝምታዬን የምተወው ባለቤቴ ይህን ታሪክ በየማኅበሩና በየለቅሶ ቤቱ እየጨመረችበት ስለምታወራው ነው። ሳይጨመርበት የሆነው ነገር አንድ ስፍራ ተጽፎ እንዲቀመጥ ፈለግሁ። እሷ ስታወራው ለላፕቶፑ ሦስት ጊዜ ሰግጃለሁ። የሰገድሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ምክንያት ነበረው።

የኔታ የልጅነት መምህሬ ናቸው። ከሙጃ ወጣ ብሎ ባለ ደብር አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔም ከእግራቸው ሥር ጀምሬ፣ ሳልጨርስ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ። ለምን እንደ ተውሁት ማንሣት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግን ለዜማ አፌን ከፍቼ አላውቅም። በማሕሌት ጊዜ ከዓምዱ ኋላ ቆሜ አዳምጣለሁ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል፤ እኔም አላረምሁትም። የኔታ ግን ባገኙኝ ቁጥር፣ ጠጉሬ ከነጣ በኋላ እንኳ፣ "አንተ ልጅ፣ መሬቱን እንዳያመው እየፈራህ ነበር መቋሚያ የምትመታው" ይሉኛል። ስለ እኔ የሚያስታውሱት ይህንን ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አቋቋም ለማያውቅ አንባቢ ይህን ያህል ልበል። አንድ ዜማ በመጀመሪያ በባዶ እጅ ይባላል፤ ይህ ቁም ዜማ ነው። ዜማው ድፋት በሚባለው ምልክት ይወርዳል፣ ቁርጥ በሚባለው ይቆረጣል። ቀጥሎ ያው ዜማ መቋሚያ ተይዞ ይባላል፤ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በተወሰነለት ስፍራም ወለሉን ይመታል፤ ይህ ዝማሜ ነው። የኔታ ከመምህራቸው የተቀበሉት ዝማሜ ሌላ ቤት የማይገኝ ነው። ሌሎቹ የሚያልፉትን ስፍራ የእሳቸው መቋሚያ ይመታዋል፤ ሌሎቹ የሚመቱትን የእሳቸው ያንዣብብበትና ያልፈዋል። የትኛው የት እንደ ሆነ የተጻፈበት ብራና የለም። ያለው በየኔታ ክንድ ላይ ነው። ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ ተበትነዋል፤ ከሁሉ የተሻለው ግማሹን ዝማሜ ይዞ ወልድያ ባጃጅ ይነዳል። የኔታ ሲያልፉ ዝማሜው አብሮ እንደሚቀበር እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ስለዚህ ለዓመታት ላስቀዳቸው ለመንሁ። መልሳቸው አንድ ነበር፦ "እኔ የተቀበልሁት ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ከአፍ ወደ ቆርቆሮ አልተባልሁም።" ካለፈው ክረምት በኋላ ግን ሳል ጠናባቸው። በአንድ የሙጃ ነጋዴ አፍ "ያ ልጅ ቆርቆሮውን ያዘጋጅ" የሚል መልእክት ላኩብኝ። ወዲያውም እህል በጫነ አይሱዙ ጋቢና ተቀምጠው እኔ ወዳለሁበት ላሊበላ ደረሱ። አይሱዙው የቅዳሜ ገበያ ሲፈታ ወደ ሙጃ ይመለሳል፤ እሳቸውም አብረውት። እሑድን ከደብራቸው ተለይተው ያደሩበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው የለም። ለእኔ የተሰጠኝ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነበር።

ቤታችን የቆየ ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ፎቅ አለው። ታችኛው የባለቤቴ ነው። ላይኛው፣ ከውጭ በድንጋይ ደረጃ የሚወጣበት፣ ወለሉ የጥድ ሳንቃ የሆነው ክፍል የእኔ ነው። ባለቤቴ "ገዳሙ" ትለዋለች፤ ሰው ሲጠይቃት "ገዳም ወጥቷል፣ አይናገርም" ብላ ትመልሳለች። በገዳሙ ውስጥ መጻሕፍት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ልጃችን ከደሴ የላከችልኝ ላፕቶፕና በገመድ የሚሰካ ማይክ አሉ።

ሰኞ ቁም ዜማውን ቀዳን። ያለ አንዳች እንከን ተቀዳ። ማታ መልሼ ሳሰማቸው የኔታ ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አዘንብለው ቆዩና፣

"ይህ ሽማግሌ ማነው?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት የኔታ።"

"ድምፁ ደግ ነው። ግን ይቸኩላል፤ ገበያ የሚሄድ ይመስላል።"

ማክሰኞ ወደ ዝማሜው ገባን። የኔታ ከጠረጴዛው ፊት ቆሙ፤ መቋሚያቸውን አነሡ፤ ጀመሩ። ዜማው እየወረደ ሄዶ መቋሚያው ለመጀመሪያ ጊዜ ካረፈበት ስፍራ ሲደርስ፣ ከላፕቶፑ አንድ የጠራ የደወል ድምፅ ወጣ፤ መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች፣ ጥቂት ቆይቶም ከታች ወደ ላይ። በቅዳሴ ጊዜ ከመጋረጃው በስተ ኋላ እንደሚሰማው ቃጭል ነበር።

የኔታ አላመነቱም። ቃጭል ሲሰማ የሚደረገው ይታወቃል፤ መቋሚያቸውን አስቀምጠው ሰገዱ። በዚያው ቅጽበት ባለቤቴ ቆሎ ይዛ ከበሩ ደረሰች። የኔታ መሬት ተደፍተው ስታይ ሳህኑን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ እሷም ሰገደች። እኔ ድምፁ ከላፕቶፑ እንደ ወጣ አውቃለሁ። ነገር ግን መምህሬና ባለቤቴ ተደፍተው ብቻዬን ቀጥ ብዬ መቆም ነውር መሰለኝ። ሰገድሁ። የሰገድሁት ይኸው ነው።

ስንነሣ የኔታ ጠየቁኝ፦ "ቃጭሉ ከየት ነው?"

"ከላፕቶፑ ነው የኔታ።"

"ቅዳሴ አለው?"

"የለውም።"

"ታዲያ ምን አንቃጨለው?"

"መልእክት ደርሶት ይሆናል።"

"ከማን?"

"አላውቅም።"

"ከማን እንደ ሆነ የማታውቀውን መልእክት ቤትህ ታስገባለህ? አንተ ልጅ፣ ድሮም ጥንቁቅ ነህ ሲሉህ አላምንም ነበር።"

ባለቤቴ ከበሩ ሆና "ለላፕቶፕ ነው እንዴ የሰገድነው?" አለች።

የኔታ እንደገና ጀመሩ። መቋሚያው ካረፈበት ስፍራ ሲደርሱ ተንቃጨለ። ሦስተኛ ጀመሩ፤ ያው ሆነ። በዚህ ላይ የባሰው ነገር የተቀዳውን ስከፍት ታየ። የኔታ ድምፅ በግርማ ይመጣና፣ ከዚያው ስፍራ ሲደርስ በቢላ እንደ ተቆረጠ ክር ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። በገጹ ጥግ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ብቅ ብላ ስትጠፋ አይቻለሁ፤ መነጽሬን እስካደርግ ግን አልጠበቀችኝም።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ፍለጋው ከዚህ ጀመረ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የባለቤቴ ስልክ ነበር። የማኅበሯ ሴቶች በቴሌግራም ቀኑን ሙሉ ይጻጻፋሉ፤ ስልኩም በጋን ላይ ሆነ በእንስራ አፍ አይለያትም። "ምናልባት ከአንቺ ስልክ ወደ ላፕቶፑ የሚሻገር ነገር ይኖር ይሆን?" ብዬ በትሕትና ጠየቅኋት።

"የኔ ስልክ እንዲህ አይጮህም።"

"እንዴት ነው የሚጮኸው?"

ከመመለሷ በፊት ስልኩ ራሱ መለሰ። ኩኩሉ! አለ፤ የደረሰ አውራ ዶሮ ድምፅ ነበር። "ዶሮ ነው ያደረግሁት" አለች፤ "ከሰው እንዳይምታታብኝ። አንተ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህና ስልኬን ትሰማለህ?"

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኢንተርኔት ነበር። አጠፋሁት፤ ተንቃጨለ። እንዲያውም በማግሥቱ ማለዳ ኢንተርኔቱ ከነከተማው ጠፋ፤ ላፕቶፑ ግን መልእክት ሊልክለት የሚችል አንድም ሰው በሌለበት፣ የየኔታ መቋሚያ ከስፍራው ሲደርስ ተንቃጨለ። ባለቤቴ "እንግዲህ የሚደውልለት ከላይ ነው" አለች፤ ጣቷንም ወደ ጣሪያው አነሣች። የኔታ ቀና ብለው አዩ። ቀልዷን ልትመልሰው ብትሞክርም ጊዜው አልፎ ነበር።

በመጨረሻ ቀላል የመሰለኝን አደረግሁ፤ የላፕቶፑን ድምፅ ዘጋሁት። ረቡዕ ረፋዱን የኔታ ያለ ማቋረጥ አዜሙ፤ አንድም ቃጭል አልተሰማም። መቋሚያው ሲወጣና ሲወርድ፣ ወለሉም ሲመታ፣ እኔ በልቤ ልጄን እየመረቅሁ ተቀመጥሁ። ላባቸው እስኪንቆረቆር ደክመው ሲቀመጡ ከፍቼ አሰማኋቸው። ከመጀመሪያው ምት በኋላ ምንም አልነበረም። የግማሽ ቀን ዝማሜ እንዳልተባለ ሆኖ ጠፍቷል።

የኔታ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጋቢያቸውን ሰብስበው ረጋ ብለው ተናገሩ፦

"አፉን ያዝኸው እንጂ አልመለስህለትም። እንግዲህ ስማኝ። ቁም ዜማውን ተቀበለ፤ ዝማሜውን አልቀበልም አለ። ሌላውን ቃል ሁሉ ይወስዳል፤ መቋሚያው ካረፈበት ሲደርስ ይተፋዋል። መምህሬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ 'ቁም ዜማ ለሰሚ፣ ዝማሜ ለተቀባይ' ይሉ ነበር። እኔ ሳሌን ፈርቼ ቃላቸውን ዘነጋሁ። ይኸው አሳሰቡኝ።"

በመምህርነቴ ብዙ የተማሪ የክርክር ወረቀት አርሜአለሁ። ከነገሩ ሥር ገብቼ እንከን ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። የኔታ የተናገሩት ሁሉ በፊታችን የሆነ ነገር ነበር። እንዲያውም እኔ ራሴ ማታ ስተኛ ላምናቸው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። የሚያስፈራኝም ይኸው ነበር፤ ቅዳሜ አይሱዙው ሲነሣ የኔታ ዝም ብለው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ወዲያም ለቆርቆሮም ለሰውም አይከፍቱም።

ሐሙስ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ ከገበያው በላይ ወዳለችው ጠጋኝ ወረድሁ። ከወልድያ መጥታ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ የከፈተች፣ እጇም አፏም ፈጣን የሆነች ሴት ናት። ሱቁ ሰው ሞልቶበታል፤ የይዞታ ወረቀቱን የሚያስኮፒ ገበሬ፣ አንድ ዲያቆን፣ ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉ የባጃጅ ነጂዎች።

"ጋሼ፣ ምን ሆነብዎ?"

"ይጮኻል።"

"እንዴት አድርጎ?"

"ድምፅ ያሰማል።"

"እሱማ ገባኝ። ምን ዓይነት? እስቲ በአፍዎ ያሰሙኝ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በመምህሬ ፊት እንኳ ደፍሬ ያላሰማሁትን ድምፅ በፎቶ ኮፒ ቤት ለማሰማት አልመጣሁም ነበር። "በአፌ የማሰማው ነገር የለም" አልሁ።

"እንግዲያው እኔ ልበልልዎ። ጢጢት ነው? ዱዱም ነው? ወይስ ፒው ይላል?"

"ፒውማ የኔ ነው!" አለ ከባጃጅ ነጂዎቹ አንዱ። ገበሬውም የልጁ ስልክ እንደ ጥጃ እንደሚጮኽ ነገረን። እያንዳንዱ የየራሱን አሰማ። ሱቁ የከብት በረት መሰለ። ከሁሉ መካከል ድምፅ ያላወጣሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

"ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል" አልሁ።

"አብሽሩ ጋሼ፣ እናገኘዋለን" ብላ ከፈተችው። ያለውን ሁሉ ፈተሸች፤ አጠፋች፣ አበራች፤ የሚጻፍበትንም የሚሰማበትንም ነካካች። ላፕቶፑ በእጇ እንደ ደህና ልጅ ዝም አለ። "ወላሂ ጤነኛ ነው። እርስዎ ቤት ሲሆን ብቻ ነው የሚጮኸው?"

ሐቁን መናገር ግዴታዬ ነበር። "የኔታ ዝማሜ ሲሉ ብቻ ነው" አልሁ።

ዲያቆኑ አማተበ። ጠጋኟ ላፕቶፑን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ ሁለት እጇን ከላዩ አነሣች። "እንግዲህ ጋሼ፣ ይኼ ከኔ ሙያ በላይ ነው።"

ወሬው ዳገቱን ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ ኖሯል። ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ጎረቤቶች ጸበል ይወሰድ ይላሉ።"

"ማን?"

"ላፕቶፑ ነዋ።"

"ላፕቶፕ ውኃ አይወድም።"

"እነሱም ያሉት ይኼንኑ ነው፤ 'ውኃ የሚፈራ ከሆነማ በቃ አለቀለት' ነው ያሉት።"

ዓርብ ጠዋት የኔታ ከታች ተቀምጠው ጓዛቸውን ማሰናዳት ጀመሩ። ጓዝ ማለት አንድ ጋቢ፣ አንድ ዳዊትና ባለቤቴ የሰጠቻቸው የሳል ማር ነው። እኔ ላፕቶፑን ልሰበስብ ወደ ገዳሙ ወጣሁ። መቋሚያቸው ከጠረጴዛው ጎን ተደግፎ ቀርቷል። መቅጃውን ለመዝጋት ላፕቶፑን ከፈትሁ፤ የተቆረጠውን ዜማ አንድ ጊዜ ልስማው ብዬም አሰማሁት። ድምፁ ከዚያ ስፍራ ደርሶ ተቆረጠ። የቀረው ግን ከተቆረጠው ላይ በጆሮዬ ቀጠለ። አውቀው ነበር። የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚመለስ፣ አፌን ባልከፈትሁባቸው ዓመታት ሁሉ ከእኔ ጋር ነበር።

መቅጃውን አስጀመርሁና በለሆሳስ አዜምሁ። የማደርገውን ለምን እንደማደርገው በዚያ ሰዓት ብጠየቅ፣ ለፍተሻ ነው እል ነበር። ባዶ እጄን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልሁት። ላፕቶፑ ትንፍሽ አላለም። ይህ እፎይታ ሊሰጠኝ ሲገባ አሳፈረኝ። የኔታ ሲያዜሙ የሚንቃጨለው ለእኔ ዝም ያለኝ፣ የእኔ ዜማ እምቢ ሊባል እንኳ የበቃ ስላልሆነ ነው? አንድ የተማረ ሰው በላፕቶፕ ተናቅሁ ብሎ ሲከፋው ይታያችሁ።

በንዴት መቋሚያውን አነሣሁ። እንደገና ጀመርሁ፤ በዚህ ጊዜ በለሆሳስ አልነበረም። ከዚያ ስፍራ ስደርስ ክንዴ ሳላዝዘው ወረደ፤ ወለሉን መታሁት።

ተንቃጨለ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ እምቢ ተብያለሁና። ቀጥሎ አፌን ዘግቼ፣ ያለ ዜማ፣ መቋሚያውን ብቻ መታሁ። ተንቃጨለ። ወደ በሩ ፈቀቅ ብዬ መታሁ፤ ዝም አለ። ተመልሼ ከጠረጴዛው ፊት፣ የኔታ ከቆሙበት ሳንቃ ላይ መታሁ፤ ተንቃጨለ። ያ ሳንቃ ከየኔታ እግር ተነሥቶ በጠረጴዛው እግር ሥር የሚያልፍ፣ አንድ ጫፉ ከተሸካሚው ግንድ የለቀቀ ረጅም ጥድ ነበር። ከዚህ ጫፍ ሲመታ ጠረጴዛው ይዘልላል፤ ጠረጴዛው ሲዘልል የማይኩ ገመድ ከተሰካበት ለቅጽበት ይላቀቃል፤ ላፕቶፑ "ወጣ" ብሎ ወደ ታች፣ "ገባ" ብሎ ወደ ላይ ይጮኻል። ማይኩ ሲወጣ መቅጃው ይቆማል። የኔታ መቋሚያቸውን ባሳረፉበት ስፍራ ሁሉ ዜማው የሚቆረጠው ስለዚህ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ መታሁ፤ በገጹ ጥግ ብቅ የምትለው ጽሑፍም ይህንኑ ስትል አነበብኋት።

"ኧረ በላሊበላ!" አለች ባለቤቴ ከታች፤ "ጣሪያው ዱቄቴ ላይ እየረገፈ ነው! ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?"

እግር ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁ። የኔታ ነበሩ፤ ያለ መቋሚያ፣ ግድግዳውን ይዘው። ስለ ቃጭሉ ይጠይቁኛል ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ። ከበሩ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣

"ያንን ድፋት የገደለው ማነው?" አሉ።

"የኔታ፣ የድምፁን ምንጭ አግኝቼዋለሁ።"

"ድፋቱን አልሁህ። ወርዶ ማረፍ ያለበትን አንተ ወርውረኸዋል። ግንድ ነው እንዴ?"

"እኔ ነኝ የገደልሁት" አልሁ።

ዐይናቸው ይደክማል፤ ቀርበው ፊቴን አዩት። "አፍህን ከፈትህ?"

መቋሚያውን ሰጥቼ ሳንቃውን፣ ጠረጴዛውን፣ ገመዱን በተራ አሳየኋቸው። ስለ ገመዱ የነገርኋቸው አልጣማቸውም። ራሳቸው መቱ። ተንቃጨለ። ሌላ ሳንቃ መቱ፤ ዝም። ተመልሰው መቱ፤ ተንቃጨለ። ሳቅ ጀመራቸው፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

"ስለዚህ መምህሬ አይደሉም። የማንቃጭለው እኔው ነኝ።"

"እርስዎ ነዎት።"

"ለራሴም ሰገድሁ ማለት ነው። እግዚኦ።"

አሁን ጥያቄው እንዴት እንቅዳው የሚለው ሆነ። ቀስ ብለው እንዲመቱ ለመንኋቸው፤ "ቀስ ብሎ መምታትማ ያንተ ሙያ ነው" አሉኝ። ባለቤቴ አጎዛ እናንጥፍ አለች፤ "አጎዛ ላይ የሚመታ እንቅልፍ የያዘው ነው" አሉ። ሳንቃውን እንልቀቅ ብል፣ ሌሎቹ ሳንቃዎች ድምፃቸው የሞተ ነው፣ ይህ ግን እንደ ደብራቸው ወለል ይመልሳል ብለው አልፈቀዱም። በመጨረሻ እኔ የገመዱን ጫፍ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ልያዝ አልሁ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አንተማ መቋሚያ ትይዛለህ።"

"እኔ?"

"ቆርቆሮው ይስማ፤ ሰሚ ነውና። ተቀባዩ ግን ሰው ነው። ይህን ያህል ዓመት ከነ ድፋቱ ይዘኸው ከርመህ ኖሮ ደብቀኸኛል። እኔ እላለሁ፣ አንተ ትቀበላለህ፤ ካልሆነ አይሱዙዬን እጠብቃለሁ።"

ወደ ባለቤቴ ተመለከትሁ። እሷም እጇን ከዱቄቱ እያራገፈች በበርጩማ ከጠረጴዛው ጎን ተቀመጠች፤ አውራ ጣቷንም ከገመዱ ላይ አሳረፈች። ዛሬ በየለቅሶው "ዝማሜውን የያዝሁት እኔ ነኝ" የምትለው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ረገድ የጨመረችው ነገር የለም።

ቀኑን ሙሉ አልነው። የኔታ አንድ ስፍራ ይሉና ያርፋሉ፤ እኔ እቀበላለሁ፤ ድምፄ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። "አይደለም! መልስ!" ይላሉ። እመልሳለሁ። "መሬቱ አያመውም፣ ምታው!" ይላሉ። ከዚያ ሁሉ ስድብ መካከል ድንገት የባለቤቴ ስልክ ከጭኗ ላይ ኩኩሉ! አለ። አፍሬ ዜማውን አቋረጥሁ።

"ምን ያስቆምሃል?" አሉ የኔታ።

"ዶሮው።"

"ዶሮ ሲጮኽ ጴጥሮስ ራሱ አልቅሶ ተመልሷል። አንተም ተመለስና ቁርጡን አስተካክል።"

ባለቤቴ ሳቋን ልትውጥ ስትታገል ጣቷ ከገመዱ ተነሣ፤ ተንቃጨለ፤ ያንን ክፍል ከሥሩ ጀመርነው።

ቅዳሜ ገና እኩሌታውን ይዘን ሳለ ገበያው ተፈታ። አይሱዙው ከዳገቱ ግርጌ ቆሞ ክላክስ ነፋ። የኔታ ክንዳቸው በአየር ላይ ነበር። መውረጃው ሲደርስ ወረደ፤ ሳንቃው ጮኸ። ክላክሱ ደገመ። ሾፌሩ ትዕግሥቱ ሲያልቅ በሰው ላከብን፤ ባለቤቴ ገመዱን እንደያዘች በመስኮት "ሂድ በሉት!" ብላ መለሰች። የኔታ ከዜማው ሳይወጡ ራሳቸውን ነቀነቁላት። የክላክሱ ድምፅና የባለቤቴ ጩኸት ከዝማሜው ጋር ተቀድተው ይገኛሉ። በደብራቸው ሌሎች ያለ እሳቸው እሑድን አደረሱት፤ የኔታም በሚቀጥለው ገበያ፣ ሁሉንም ከሰጡ በኋላ፣ በዚያው አይሱዙ ተመለሱ።

በኋላ ወደ ጠጋኟ ሱቅ ወርጄ የሆነውን ነገርኋት። ሰው አለ የለም ሳልል፣ ድምፁ እንዴት እንደ ነበር በአፌ አሰማኋት፤ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ። ፎቶ ኮፒውን አቁማ አየችኝ።

"ያን ቀን እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ ጋሼ፣ ገመድ ነው እልዎ ነበር። ያምጡትና ላጥብቅልዎ።"

አመስግኜ ወጣሁ፤ አልወሰድሁትም። አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ገዳሙ ወጥቼ የተቀበልሁትን እደግማለሁ። ማይኩ እንደ ተሰካ ነው። መቋሚያውን ፈራ ተባ እያልሁ ሳሳርፍ ላፕቶፑ ዝም ይላል፤ እንደሚገባው ስመታ ይንቃጨላል፤ ከታችም ባለቤቴ ዱቄቷን በነጠላ እየሸፈነች "አሁን መታህ!" ትለኛለች።